ኮሚክ ኦፔራ ዳግም መድረክ ሲወጣ፦ ስለ ሳቁ፣ ስለ ጭብጨባውና ስለ «ይደገም!» ጩኸት

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የሥራ ባልደረባዬ ጋብዛኝ የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዶኒዜቲን ኮሚክ ኦፔራ «የሬጅመንቱ ልጅ»ን አየሁ። ከመሄዳችን በፊት በ2007 ለንደን የተቀረጸውን ቪዲዮ አሳይታኝ በሳቅ ሞቼ ነበር። ቲያትር ቤቱ ስንደርስ ዝግጅቱ ያው፣ ልብሱ ያው፣ መድረኩ ያው። እኔ ግን ብዙም አልሳቅኩም። ሦስት ነገር ግራ አጋብቶኛል። አንደኛ፣ ሰዉ ዘፋኟ ገና ሳትናገር ይስቃል። ሁለተኛ፣ ቴነሩ (ቀጭን ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ) ያን ዝነኛ ዘፈን ሲጨርስ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። እኔም ሳላስበው እልል አልኩ፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ዞረው አዩኝ። ሦስተኛ፣ ያ ሁሉ ሰው እየጮኸ ቴነሩ አልደገመውም። ሌሎች ሲደግሙት ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ። ንቀውን ነው? ድጋሚ ስለሆነ ቀነስ አድርገው ነው ያቀረቡልን? በቅርቡ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። እንግሊዝኛ አታነብም። ይዣት ልሂድ ወይስ ገንዘቤን አላባክን?»

ምላሽ፦ አልናቋችሁም። ቀንሰውም አላቀረቡላችሁም። «ዝግጅቱ ያው» የሚለው አባባል ነው ያሳሳተዎ። ያው የነበረው ዓይን የሚያየው ክፍል ነው። ሳቅ የሚፈጥረው ክፍል ግን በየጊዜው እንደ አዲስ መሠራት አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያዩትን ዝግጅት የሠራው ፈረንሳዊው አዘጋጅ ሎራን ፔሊ ነው። በ2007 መጀመሪያ ለንደን ኮቨንት ጋርደን በሚባለው ኦፔራ ቤት ተከፈተ። ከቪየናና ከኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ጋር በጋራ የተሠራ ስለነበር ወደ ሁለቱም ከተሞች ተሻገረ። ኒው ዮርክ የደረሰው በ2008 ነው። ከዚያ ወዲህ በየቦታው ብዙ ጊዜ ተመላልሷል። ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገር። ማሪ ሕፃን ሳለች ጦር ሜዳ ላይ ተጥላ ተገኝታ፣ አንድ የፈረንሳይ ሬጅመንት (የጦር ክፍል) በሙሉ አባት ሆኖ ያሳደጋት ልጅ ናት። ቶኒዮ የሚባል የቲሮል (በአልፕስ ተራሮች ያለ አካባቢ) ወጣት ይወዳታል። እሷን ለማግባት ሲል ወታደር ይሆናል። ልክ ተፈቀደለት ሲባል አንዲት ባላባት ሴት ትመጣና «የእህቴ ልጅ ናት» ብላ ማሪን ይዛት ትሄዳለች። ሁለተኛው ክፍል ማሪ በባላባቷ ቤት «ጨዋ ልጅ» እንድትሆን ስትሰለጥን፣ በመጨረሻም ሬጅመንቱ ደጁን ጥሶ ሲገባ ያሳያል።

ፔሊ ታሪኩን ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አመጣው። ተራሮቹ ከግዙፍ ካርታዎች የተሠሩ ናቸው። ማሪ የልብስ ክምር በካውያ ትተኩሳለች፣ ድንች ትልጣለች፣ እየተበሳጨች ከወዲያ ወዲህ ትላለች። ያን ሁሉ ስታደርግ ነው ድምፅዋ ላይና ታች የሚበረው። የእጇ ሥራና የድምፅዋ ሩጫ አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው የሚያስቀው። ሸሚዙን አንስታ የምትጥልበት ቅጽበት በግማሽ ሰከንድ ከዘገየ፣ ሸሚዝ የጣለች ሴት ብቻ ናት የምትታየው።

ይህ ሁሉ የተሠራው ደግሞ በአንዲት ሰው ሰውነት ላይ ነው። ፈረንሳዊቷ ሶፕራኖ (ከፍ ያለ ድምፅ ያላት ሴት ዘፋኝ) ናታሊ ደሴ ደቃቃና ቀልጣፋ ናት፤ ትወናዋም እንደ ዘፈኗ የጠነከረ ነው። እርስዎ በቪዲዮ ያዩት እሷን ነው። ትከሻዋን የምትነቀንቅበት መንገድ፣ በብስጭት የምታወጣው ትንፋሽ፣ ሁሉም ከእሷ ከራሷ የመጣ ነው። ከእሷ በኋላ ማሪን ብዙዎች ተጫውተዋል። ዲያና ዳምራው፣ ፓትሪትሲያ ቾፊ፣ ሳቢን ደቪየል፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ ፕሪቲ ዬንዴ። እነዚህ ትልልቅ ዘፋኞች ናቸው። አንዳቸውም ግን ደሴን አይደሉም፤ መሆንም የለባቸውም።

አሁን የድጋሚ ዝግጅት አሠራር እንዴት እንደሆነ ይስሙ። ዋናው አዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ በቦታው የለም። ረዳት አዘጋጅ ይመጣል። እጁ ላይ ያለው የዝግጅቱ መዝገብ ነው፤ በዚህ ሙዚቃ ላይ እዚህ ቁሚ፣ በዚህኛው ተነሺ፣ በዚህኛው ካውያውን አንሺ የሚል። ከዚያ የቀደመውን ቀረጻ ያያሉ። አዲስ ዝግጅት በተለምዶ አምስት ስድስት ሳምንት ይለማመዳል። ድጋሚው ሁለት ሦስት ሳምንት ካገኘ ደህና ነው። በየምሽቱ የተለያየ ሥራ በሚያሳዩ ቤቶች ደግሞ ጥቂት ቀናት ብቻ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ እንቅስቃሴውን ይይዛል፤ ምክንያቱን አይዝም። ደሴ ለምን እዚያ ጋ እንደቆመች አይጽፍም። ጎበዝ ረዳት አዘጋጅ አዲሷን ዘፋኝ «አንቺ ብትሆኚ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። ደካማው «ደሴ እንዲህ ነበር ያደረገችው» ይላታል። ከመድረክ በታች የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን ስም ባይሰጠውም ይሰማዋል። ድጋሚ ዝግጅት ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው። አዲስ ሰው የሌላ ሰውን ቀልድ ሲያስመስል ማለት ነው።

ስለዚህ እርስዎ ላይ ሁለት ነገር ተደርቧል። አንዱ ቪዲዮው ነው። ቪዲዮ የፊት ገጽታን አቅርቦ ያሳያል። የደሴ ቅንድብ ስትነሳ ሙሉ ስክሪኑን ይሞላል። በአዳራሽ ውስጥ ካሜራ የለም። ሌላው የአዳራሹ ስፋት ነው። ይህ ሥራ በ1840 ፓሪስ ውስጥ ሲጀመር የታሰበው ኦፔራ ኮሚክ ለሚባለው ቲያትር ቤት ነው፤ ንግግርና ዘፈን የሚቀላቀሉበት፣ ተዋናይ በተራ ድምፅ ሲያወራ የሚሰማበት ቤት። የዛሬው ሜትሮፖሊታን ወደ 3,800 ሰው ይይዛል። ሌሎቹ ትልልቅ የአሜሪካ ኦፔራ ቤቶችም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ላይኛው በረንዳ ላይ ሆኖ የሚነገር ቀልድ መያዝ ከባድ ነው። የት እንደተቀመጡ አልነገሩኝም። ከላይ ከነበሩ ግን አለመሳቅዎ ምንም አይገርምም። ከእርስዎ ጎን የነበረው ሰው የሳቀው የተዋናይቷን ፊት አይቶ ላይሆን ይችላል። የትርጉም ጽሑፉን አንብቦ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ደረስን። ሰዉ ዘፋኟ ሳትናገር የሚስቀው በትርጉም ጽሑፉ ምክንያት ነው። ከመድረኩ በላይ ወይም ፊት ለፊት ባለው ወንበር ጀርባ ላይ የሚታየው ማለት ነው። ጽሑፉን ከመድረኩ በላይ ማሳየት በቶሮንቶ የካናዳ ኦፔራ ኩባንያ በ1983 የተጀመረ ነው። ሜትሮፖሊታን በ1995 በየወንበሩ ጀርባ ትንሽ ስክሪን አደረገ። ከዚያ በፊት አብዛኛው ተመልካች ታሪኩን በግምት ነበር የሚከተለው። ለኀዘን ኦፔራ ይህ ጽሑፍ ትልቅ ጥቅም አመጣ። ለኮሚክ ኦፔራ ግን ጣጣም ይዞ መጣ። እኛ አገር አዝማሪ ቤት ሰው የሚስቀው አዝማሪው ስንኙን ዘግቶ ወርቁ ሲገለጥ ነው። እዚህ ግን ወርቁ አዝማሪው አፉን ሳይከፍት ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይወጣል። ዓይን ከጆሮ ይቀድማል። ሰዉ ይስቃል፤ ተዋናይቷ ገና ግማሽ ላይ ናት። ሳቁ የቀረውን ንግግሯን ይውጠዋል። ልምድ ያላት ቆም ብላ ሳቁ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ልምድ የሌላት ትቀጥላለች፤ ቀጣዩ ቀልድ ይጠፋል።

ጽሑፉ ራሱ አይሄድም፤ የሙዚቃውን ነጥብ እየተከተለ መስመሩን በሰዓቱ የሚያወጣ ሰው አለ። ይህን ሥራ ማንም አያመሰግንም፤ ሊመሰገን ግን ይገባል። ጥሩ ትርጉም አዘጋጅ የቀልዱን መጨረሻ ለብቻው ቆርጦ ዘፋኙ ሲደርስበት ብቻ ያወጣዋል። ችኩሉ ሁለቱን መስመር ባንዴ ይደፋዋል። «የሬጅመንቱ ልጅ» ውስጥ ደግሞ በፈረንሳይኛ የሚነገር ብዙ ንግግር አለ። ንግግር ከዘፈን ስለሚፈጥን ችግሩ ይብሳል። እዚህ ላይ ቤቱን መውቀስ ይችላሉ። ተመልካቹን ግን አይውቀሱ። የተሰጠውን አንብቦ ነው የሳቀው።

ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ሳቅ የቦታና የጊዜ ነገር ነው። በዚህ ኦፔራ ውስጥ የክራከንቶርፕ ዱሼስ የምትባል የማትዘፍን፣ የምትናገር ብቻ ገጸ ባሕርይ አለች። ቤቶች ይህን ቦታ ለታዋቂ እንግዳ ይሰጡታል። ለንደን ላይ ኮሜዲያኗ ዶውን ፍሬንች ተጫወተችው። ኒው ዮርክ ላይ በ2019 የፊልም ተዋናይቷ ካትሊን ተርነር ነበረች። ዋሽንግተን ውስጥ፣ በሌላ ዝግጅት፣ በኖቬምበር 2016 ለአንድ ምሽት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛዋ ሩት ቤደር ጊንስበርግ መድረክ ላይ ወጣች። ስለ ማሪ የልደት የምስክር ወረቀት ስትጠይቅ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላም ነበር። «አሜሪካ አልተወለደም» በሚል የተነሳው የባራክ ኦባማ የልደት ወረቀት ንትርክ የሁሉም ሰው ጆሮ ላይ ነበር። ያን መስመር ዛሬ ሌላ ከተማ ቢናገሩት ማን ይስቃል? ባልደረባዎ የሳቀችበት፣ እርስዎ ያልሳቁበት ቦታ ካለ፣ ምናልባት እንግዳዋን ከቴሌቪዥን ስለምታውቃት ይሆናል። ይህ የእርስዎ ጉድለት አይደለም።

ይኸው ሥራ ሳቁ ቀርቶ እንባ ያመጣበት ጊዜም አለ። በ1940 መጨረሻ ላይ ሜትሮፖሊታን መልሶ ሲያሳየው ፓሪስ በጀርመን ጦር ከተያዘች ወራት አልፈው ነበር። ማሪን የተጫወተችው ፈረንሳዊቷ ሊሊ ፖንስ ናት። ኦፔራው የሚያበቃው ለፈረንሳይ ሰላምታ በሚሰጥ መዝሙር ነው። በዚያ ላይ የፈረንሳይ ብሔራዊ መዝሙር ተጨመረበት፤ ፖንስ ባንዲራውን ይዛ ቆመች። ያው ኦፔራ ነው፣ ያው ሙዚቃ ነው። የተቀየረው ከአዳራሹ ውጪ ያለው ዓለም ነው። እኔ ስለዚህ ኦፔራ ሳስብ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ያ ምሽት ነው። ቀላል ነው ተብሎ የተናቀ ሥራ አገሩን ያጣ ሰው የሚቆምበት ቦታ ሆነ።

ሳቅ ብዙ መሆኑ የዝግጅቱን ጥራት አይለካም፤ ማነሱም እንደዚያው። የመጀመሪያ ምሽት ፍርድማ ጭራሽ አይታመንም። ሮሲኒ በ1816 ሮም ላይ «የሴቪሊያው ፀጉር አስተካካይ»ን ሲያሳይ ተመልካቹ በፉጨትና በጩኸት አዋረደው። በዚያው ታሪክ ላይ ቀደም ብሎ የሠራው የፓይዚየሎ ደጋፊዎች ሊበጠብጡ ነበር የመጡት። በሁለተኛው ምሽት ያው ሥራ በእልልታ ተቀበሉት። «የሬጅመንቱ ልጅ»ም በፌብሩዋሪ 1840 ሲከፈት ብዙ አልተደነቀም። የሙዚቃ ደራሲና ሐያሲ የነበረው ቤርሊዮዝ በጋዜጣ ክፉኛ ወረደበት፤ የፓሪስ ኦፔራ ቤቶች በሙሉ የዶኒዜቲ ንብረት ሆኑ እያለ አማረረ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀምር ግን ያ ኦፔራ በዚያው ቤት ከ1,000 ጊዜ በላይ ታይቶ ነበር።

ዝምታም ሁልጊዜ ቅዝቃዜ አይደለም። አንዳንዴ ተመልካቹ የማይስቀው ቀልዱ ስለሚያቆስለው ነው። የጃፓንን ሰው አስመስሎ የሚቀልደው የእንግሊዛውያኑ የጊልበርትና የሰሊቫን ኮሚክ ኦፔራ «ሚካዶ» በ2015 ኒው ዮርክ ላይ ሊታይ ታቅዶ ከእስያውያን አሜሪካውያን ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ተሰረዘ፤ በምትኩ ሌላ ሥራ ቀረበ። አንድ ዝግጅት ምንም ያህል ቢለማመድ ይህን ዓይነቱን ችግር በልምምድ አይፈታውም። «የሬጅመንቱ ልጅ» እዚህ ደረጃ ላይ አይደለም። የሚያሾፈው በወታደር ትዕቢትና በባላባት ማስመሰል ላይ ነው፤ ሁለቱም ቀልዱን ይችሉታል።

ታዲያ ድጋሚ ዝግጅት ጥሩ መሆኑን በምን እናውቃለን? የኔ መለኪያ አንድ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል ማሪ ሬጅመንቱን ትሰናበታለች። «መሄድ አለብኝ» ትላቸዋለች። ኮር አንግሌ የሚባለው ለስለስ ያለ መሣሪያ ከእሷ ጋር አብሮ ያዜማል። ሙዚቃው በጣም ቀላል ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሲስቅ የቆየ አዳራሽ እዚያ ላይ ጸጥ ይል እንደሆነ ያዳምጡ። ሰው ካሳለ፣ ወረቀት ካንኮሻኮሸ፣ ቀልዱ ለብቻው ነበር የተሠራው፤ ልጅቷን ማንም አልወደዳትም ማለት ነው። እስትንፋስ ከጠፋ ግን ዝግጅቱ ሕይወት አለው፤ ከዚያ በፊት የሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ቢሆኑም። ኮሚክ ኦፔራ የሚጠይቀው ዋና ችሎታ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ላይ እየሳቅን ሳናውቀው እንድንወደው ማድረግ። እርስዎ በጥያቄዎ ውስጥ ስለዚህ ቦታ ምንም አላሉም። ወይ በዚያ ምሽት አልሠራም፣ ወይ ደግሞ ከቪዲዮው ጋር ማወዳደሩን አላቆሙም ነበር። እኔ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ።

አሁን ወደ ቴነሩ። ዘፈኑ ቶኒዮ ወታደር ሆኖ ማሪን እንዲያገባ ሲፈቀድለት የሚዘፍነው ነው። ዘጠኝ ጊዜ «ሃይ ሲ» የተባለውን፣ ለቴነር ጣሪያ የሚባለውን ድምፅ ይነካል። ፓቫሮቲ በ1972 ሜትሮፖሊታን ላይ ሲዘፍነው በስሙ ላይ ተጣብቆ የቀረ ዝና አመጣለት፤ በዚያ ምሽት 17 ጊዜ ከመጋረጃው ፊት እንደተጠራ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ሰው ወደዚህ ኦፔራ ሲመጣ ይህን ዘፈን እየጠበቀ ነው። ጩኸቱ ከመጀመሪያው ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።

«ይደገም!» ብሎ መጮህ ነውር አይደለም። የቆየ ልማድ ነው። ሞዛርት በ1786 ቪየና ላይ «የፊጋሮ ጋብቻ»ን ሲያሳይ ሰዉ ብዙ ዘፈን አስደገመ፤ ትርኢቱ ከልክ በላይ ረዘመ። ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ ከአንድ በላይ ሰው የሚዘፍነው ቁራጭ እንዳይደገም ማስታወቂያ እስከ ማውጣት ደረሰ። ቆይቶ ብዙ ቤቶች ማስደገምን ከለከሉ፤ ታሪኩን ያቋርጣል ብለው። ሚላን ላይ ላ ስካላ በተባለው ኦፔራ ቤት ከ1933 ጀምሮ አንድም ሶሎ ዘፋኝ ሳይደግም ቆየ። በፌብሩዋሪ 2007 ፔሩዊው ኹዋን ዲዬጎ ፍሎሬዝ ይህንኑ ዘፈን ደገመና ልማዱ ተሰበረ። በሚቀጥለው ዓመት ኒው ዮርክ ላይም ደገመው፤ እዚያም ከ1994 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በ2019 ሜክሲኳዊው ሀቪዬር ካማሬና ወደ ሲኒማ ቤቶች በቀጥታ በሚተላለፈው ትርኢት ላይ ሳይቀር ደገመው። ኢንተርኔት ላይ ያዩት እነዚህን ነው።

እነዚህ ግን ለየት ያሉ ምሽቶች ስለሆኑ ነው የተቀረጹት። የእርስዎ ቴነር አለመድገሙ ንቀት አይደለም። ሲደገም ዘፋኙ ብቻውን አይደለም። ኦርኬስትራው ገጽ መመለስ አለበት። ኦርኬስትራ መሪው መስማማት አለበት። ወታደሮቹን የሚጫወቱት ኅብረ ዘማሪዎችም አሉ። ስለዚህ «ምናልባት ከተጮኸ» ተብሎ አስቀድሞ ይነጋገሩበታል እንጂ ድንገት የሚሆን ነገር አይደለም። ከዚያ በላይ ደግሞ ቶኒዮ በሁለተኛው ክፍል ሌላ ዘፈን ይጠብቀዋል። ማሪን እንዲሰጡት ባላባቷን የሚለምንበት ነው። ቀስ ያለ፣ ረጅም፣ የሚደበቅበት ቦታ የሌለው ዘፈን። በኔ ግምት ከዘጠኙ «ሃይ ሲ» ይከብዳል። ጉሮሮውን ለዚያ ያስቀመጠ ቴነር ጥሩ ባለሙያ ነው። ሁለተኛውን ዘፈን አሳምሮ ከዘፈነላችሁ የሚገባችሁን አግኝታችኋል።

ስለ እልልታው። ሰዎቹ ዞረው ያዩዎት ድምፁ አዲስ ስለሆነባቸው ነው። በኦፔራ ቤት «ብራቮ» ብሎ መጮህ፣ እግር መርገጥ፣ ቆሞ ማጨብጨብ የተለመደ ነው። እልልታ ከእነዚህ በምንም አይተናነስም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ ጊዜው። ዘፋኙ የመጨረሻውን ድምፅ ሲለቅ ኦርኬስትራው ብዙ ጊዜ ገና አልጨረሰም። የመጨረሻው ምት እስኪመታ ይጠብቁ። ከዚያ እልል ይበሉ፤ አይሸማቀቁ። በማሪ ስንብት ላይ ግን ፈጽሞ አይበሉ። እዚያ ጭብጨባም ቢሆን ትንሽ ቢዘገይ ይሻላል።

ዋናው ጥያቄዎ እናትዎ ናቸው። ይውሰዷቸው። ይህን የምለው ለማበረታታት ያህል አይደለም። እናትዎ ጽሑፉን ስለማያነቡ ዓይናቸው መድረኩ ላይ ይሆናል። ተዋናይቷ ካውያውን ስታነሳ ያያሉ፤ ግድግዳ አያዩም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በትክክለኛው ሰዓት ከሚስቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ ሊሆኑ ይችላሉ። የፔሊ ዝግጅት ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። በሁለተኛው ክፍል መክፈቻ ላይ የቤት ሠራተኞቹ ሲወለውሉና አቧራ ሲያራግፉ የሚያሳየው ጭፈራ አንድም ቃል አያስፈልገውም። ቶኒዮ በታንክ ላይ ሆኖ ሲገባም እንደዚያው ነው።

ቅድመ ሁኔታዎች ግን አሉ። ታሪኩን ከቤት ሳይወጡ በአማርኛ ይንገሯቸው፤ ምስጢሩን ሳይቀር። ባላባቷ አክስት አይደለችም፤ እናት ናት። ሳታገባ የወለደቻትን ልጅ የሰው ዓይን ፈርታ ደብቃለች። መጨረሻ ላይ ልጇን ለማይወደድ ሰው ልትድር ስትል ልቧ አልችል ይላል። ይህ በፈረንሳይኛ ንግግር ውስጥ ነው የሚገለጠው፤ ካልተነገራቸው ያመልጣቸዋል። ከተነገራቸው ግን የሚረዱት ከእኔና ከእርስዎ በላይ ነው። ቪዲዮውን አያሳዩዋቸው። እርስዎም እንደገና አይዩት፤ የመጀመሪያውን ምሽትዎን ያበላሸው እሱ ነው። ላይኛው በረንዳ ርካሽ ነው ብለው አይግዙ። ከታች ዳር ዳር ያለው ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ከመሀሉ ይቀንሳል፤ ፊት ግን ይታያል። ምርጫ ካለ የመክፈቻውን ምሽት ይለፉ። ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ትርኢት ወዲህ ዘፋኞቹ ሳቁ የት እንደሚመጣ አውቀው ቦታ ይተዉለታል።

እናትዎ ሲመጡ በከተማዎ ይህ ሥራ ካልታየ «የሴቪሊያው ፀጉር አስተካካይ» ወይም የዶኒዜቲው «የፍቅር መድኃኒት» ይሻላል። ሁለቱም ቃል ሳይሰማ የሚገባ ታሪክ አላቸው። ብዙ ገጸ ባሕርይ ያለውንና ሴራው በቀላሉ የማይፈታውን «የፊጋሮ ጋብቻ» ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም፤ ሙዚቃው ከሁሉም ቢበልጥም።

«የሬጅመንቱ ልጅ» ዕረፍቱን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወስዳል። የሁለተኛውን ክፍል ታሪክ በዕረፍቱ ጊዜ በድጋሚ ያስታውሷቸው። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ግን በጆሯቸው አያንሾካሹኩላቸው። የጎረቤትዎን ጆሮ ይረብሻል፤ የእናትዎንም ዓይን ከመድረኩ ይነጥቃል።